የዋጋው ትራስ

አዋላጇ ሰውን ሁሉ «ልጄ» ነበር የምትለው። ወተት አመላላሹን ልጄ፣ ቆጣሪ አንባቢውን ልጄ፣ በዕድሜ የሚበልጣትን የሰፈሩን ጫማ ሰፊ እንኳ ሳይቀር ልጄ። ጫማ ሰፊው መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ ኋላ ለመደው። የዚህ ልማድ ምክንያቱ ፍቅር ብቻ ቢሆን እንዴት ባማረ! እውነቱን ለመናገር ግን ስም አትይዝም። ዕድሜዋን ሙሉ በሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል የሰውን ፊት ያየችው ገና ስም ሳይወጣለት ነው፤ ስለዚህ ስም ለእሷ በኋላ የሚመጣ ትርፍ ነገር ነው። «ልጄ» ያለ ደግሞ አይሳሳትም። ይህች ቃል አንድ ቀን ቤት ስትሸጥ እግሬን ትጠልፈኛለች ብላ ግን በሕልሟም አላሰበችም።

ቤቱን ያሸጣት ጉልበቷ ነው። መኝታዋ ፎቅ ላይ፣ ወጥ ቤቷ ታች፣ በመካከላቸው ደግሞ አንድ ሰው ሲወርድ ሌላው ቆሞ የሚጠብቅበት ጠባብ ደረጃ አለ። ባሏ በሕይወት ሳለ ደረጃው ላይ ይቀላለዱበት ነበር፤ አሁን የቀራት ጉልበቷን ይዛ መቃተት ብቻ ነው። ልጇ ከምትኖርበት አጠገብ ደረጃ የማይወጣበት ባለ አንድ ክፍል አፓርታማ ተገኘ። አልጋው ከምድጃው ጋር ፊት ለፊት የሚተያይበት ቤት ነው። እንግዲህ ዕድሜ ሲገፋ ሰው አልጋና ምድጃ ካለው ምን ይፈልጋል ብላ ራሷን አጽናናች።

ልጇ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተጋጩ መኪናዎችን ጉዳት የምትገምት፣ በሥራዋ ምክንያት ሰውን ማመን የተወች ሴት ናት። «ይሸጣል» የሚለው ጽሑፍ በሩ ላይ ከመለጠፉ በፊት እናቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ መከረቻት።

«እማዬ፣ ስሚኝ። ገዢ ሲባል ይከራከራል፣ ይስማማል፣ እጅሽን ጨብጦ ይሄዳል። ከዚያ ዝም ይላል። አንቺ እቃሽን ትጠቀልያለሽ፣ ለአዲሱ ቤት ቀብድ ትከፍያለሽ። የፊርማው ቀን ጠዋት ይመጣና ‹ጣሪያውን ደግሜ ሳየው እኮ... ትንሽ ካልቀነሳችሁልኝ አልችልም› ይልሻል። ያን ጊዜ ምን ትያለሽ?»

«እምቢ እላለሁ።»

«እቃሽ ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ? ቀብድሽ ሊበላ?»

አዋላጇ ጉልበቷን ታሽ ጀመር።

«የመሥሪያ ቤታችንን ገንዘብ ያዥ እንዲህ አድርገው ነው ያስለቀሷት። ስለዚህ ከአሁኑ ዋጋው ላይ ትራስ የሚሆን ትርፍ ብር ጨምሪበት። የፊርማው ቀን ሲቀንስ ትራሱን ይወስዳል፣ አንቺ ዋናውን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይላሉ አበው። ይህች እናት ደግሞ በሙያዋ አዋላጅ መሆኗ ነገሩን አባሰው። ቢሆንም አዳመጠች። ምጥ ስታውቅ ኖረች እንጂ ቤት ሸጣ አታውቅም።

«ግን ሌብነት አይሆንም?» አለች።

«የምን ሌብነት! እኛ ቢሮ ሰው ሁሉ ጨምሮ ይጠይቃል፣ እኛ ቀንሰን እንከፍላለን፣ መሃል ላይ እንገናኛለን።»

«ሳይጨምር፣ ልኩን ብቻ የጠየቀ ሰውስ?»

ልጇ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እሱማ ተበልቶ ይቀራል።»

እንዲህ ሆኖ ትራሱ ተጨመረ። ቀላል ትራስም አልነበረም፤ የአዋላጇን የሁለት ዓመት ጡረታ ያህላል።

ገዢ ሆኖ የመጣው መኪና መንዳት የሚያስተምር፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ቀኑን ሙሉ ከጀማሪዎች ጎን ተቀምጦ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ሲል ስለሚውል ራሱም ቀስ ብሎ ቀርቷል። የሚጠየቀውን ነገር ሁሉ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደደረሰ ሰው ግራ ቀኝ አይቶ ነው የሚመልሰው። አዋላጇ እንደ ልማዷ ስሙን ሰምታ ረሳችውና በልቧ «ቀስ በል» አለችው። ቤቱን ሲያይ ትሕትናው አንጀት ይበላል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን በር ልክፈተው?» «እርስዎ ይቅደሙ።» «ደረጃው ላይ ይጠንቀቁ።» የገዛ ደረጃዋ ላይ!

ዋጋ ላይ ተከራከሩ። እሱ ትንሽ ጨመረ፣ እሷ ትንሽ ወረደች፤ ትራሱ ግን ሳይነካ ቀረ። በመጨረሻ እጇን ዘረጋችለት።

«እሺ ልጄ፣ ያንተ ይሁን።»

ሰውዬው እጇን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እግዜር ይስጥሽ» አላት።

ይስጥሽ! አዋላጇ የሰማችውን ጆሮዋ አልቀበል አላት። ያ ሁሉ «እርስዎ»፣ ያ ሁሉ «ይቅደሙ» የት ገባ? በር ላይ ሲደርስ ደግሞ «ደህና ዋይ» ብሎ ጨመረበት። በሩን ዘግታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ገና ቁልፉን ሳይረከብ አንቺ አላት፤ ሲረከብማ ምን ሊላት ነው?

ማታ ለልጇ በስልክ ስትነግራት፣ ልጇ ሳቀች። «አየሽ? እስኪስማማ ነበር እርስዎው። አሁን እጅሽ ውስጥ እንዳለ ሳይሆን እጁ ውስጥ እንዳለሽ አውቋል። ንቆሻል። ይህ ሰውዬ ሊቀንስ ነው፤ ባይቀንስ እኔ ልሙት!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዋላጇ ቅነሳውን ቁጭ ብላ ትጠብቅ ጀመር። መጠበቅ ደግሞ ሙያዋ ነው። የሚመጣ ነገር ምልክቱን አስቀድሞ ያሳያል፤ ትንፋሽ ይለወጣል፣ ግንባር ያልባል። ቀስ በል በሳምንቱ መጣ። መስኮቶቹን ለመጋረጃ ለካ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።»

ይኸው መጣ አለች በልቧ። «ጠይቅ ልጄ።»

ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። «የውሃው መዝጊያ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?»

ወደ ግራ ነው አለችው። አመስግኖ ሄደ። በሌላ ቀን ጣሪያውን ልይ ብሎ መጣ። ጣሪያው! ልክ ልጇ እንዳለችው! መሰላል አስደግፎ ወጣ፣ ቆየ፣ ወረደ፣ ልብሱን አራገፈ። «አንድ ቆርቆሮ ዝጓል» አላት። አዋላጇ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመቀበል እጆቿን አጣምራ ቆመች። እሱ ግን፣ «ዝናብ ሳይመጣ እቀይረዋለሁ፤ አንቺ አታስቢ» ብሎ እጁን ሊታጠብ ገባ። ሳሙናው የት እንዳለ እንኳ አልጠየቀም፤ እንደ ቤቱ ልጅ ራሱ ፈልጎ አገኘው።

ነገሩ እንቅልፍ ይነሳት ጀመር። ንቀት ነው እንዳትል የሚንቅ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ አታስቢ አይልም። አክብሮት ነው እንዳትል አንቺ ይላታል። ሊቀንስ ነው እንዳትል አይቀንስም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ የዚህ ሰው ሥሩ የት ነው? ጎረቤቶቿን ጠየቀች። አንዷ ባለጌ ነው አለች፤ ሌላዋ የከተማ ልጅ እንዲህ ነው አለች። ጫማ ሰፊው ብቻ፣ «ራሱን ጠይቂው» አላት።

በዚህ መሃል ሌላ ነገር ተፈጠረ። የአፓርታማው ጠባቂ ከባለ አንድ ክፍሉ ቤት ጎን ያለው፣ ባለ ሁለት ክፍሉ ቤት ሊለቀቅ መሆኑን ነገራትና ከፍቶ አሳያት። ሁለተኛው ክፍል ትንሽ ናት፤ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ሁለቱን ግድግዳ ሊነካ ምንም አይቀረው። ግን በር አላት። መስኮትም አላት። የልጅ ልጇን ይዛት ሄዳ ስለነበር፣ ልጅቷ ገብታ ወለሉ ላይ ጋለል አለችና፣ «እዚህ እኔ እተኛለሁ፤ አንቺ በሩን ትንሽ ክፍት ታደርጊልኛለሽ» ብላ ወሰነች። የዋጋው ልዩነት ሲጠየቅ ትራሱን ያህል ሆነ። ከዚያ ወዲያ አዋላጇ ቅነሳውን መጠበቋን ሳትተው፣ እንዳይመጣ መለመን ጀመረች። ሰው መሆን እንዲህ ነው፤ ሌባ ይመጣል ብለህ የደበቅከውን ሌባው ካልመጣ ለራስህ ትበላዋለህ።

የፊርማው ቀን ደረሰ። የውል ጽሕፈት ቤቱ ጠባብና ሞቃት ነበር፤ አንድ አየር ማራገቢያ ከጣሪያው ላይ እያጉረመረመ ወረቀት ይበትናል፣ ጸሐፊው ወረቀቱን በስቴፕለርና በሻይ ብርጭቆ ተጭኖታል። አዋላጇና ልጇ በአንድ በኩል፣ ቀስ በልና ሚስቱ በሌላ በኩል ተቀመጡ። ሚስቱ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት። እንደተጣላ ሰው ከባሏ ወንበሯን ራቅ አድርጋለች። የአዋላጇ ልጅ በጠረጴዛው ስር የእናቷን ጉልበት ነካ አደረገች፤ ተዘጋጂ ማለቷ ነው።

ጸሐፊው ውሉን አነበበ። ዋጋው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ፣ «ልክ ነው?» አለ።

ቀስ በል ግራ አየ። ቀኝ አየ። አዋላጇ ትንፋሿን ያዘች። ግማሽ ልቧ፣ ቀንስ፣ ቀንስና ሁለታችንም እንረፍ ይላል። ሌላው ግማሽ ትንሿ ክፍል ውስጥ ሆኖ በሩን በጠባቡ ክፍት እያደረገ ነው።

«ልክ ነው» አለ ሰውዬው። ፈርሞ ብዕሩን ወደ እሷ ገፋ።

ልጇ በደስታ ተነፈሰች። አዋላጇ ብዕሩን አነሳች፤ ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቷታል። ብትፈርም ኖሮ ይህ ወሬ እዚህ ባለቀ ነበር፤ እሷም ባለ ሁለት ክፍል ሆና በኖረች። ግን ሕፃኑ ለምን እንደዘገየ ሳታውቅ ጓንቷን አውልቃ የማታውቅ ሴት ናት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ» አለችው። «ለምንድን ነው ያልቀነስከው?»

ጸሐፊው ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። ሚስትየው በአፍንጫዋ ሳቀች። «ይኸው! እሳቸውም ገርሟቸዋል! እኔ ሳምንቱን ሙሉ ምን ስልህ ነበር? ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አድርግ፣ ትንሽ አስቀንስ አላልኩም?»

«ብላኛለች» አለ ቀስ በል። «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።» ከዚያ ወደ አዋላጇ ዞረ። ፊቱ ቀላ። «ልጄ ብለሽኛላ።»

«እንዴት?»

«ስንስማማ። እሺ ልጄ ያንተ ይሁን አልሽኝ። እኔ እናቴን አላውቃትም። አክስቴ ናቸው ያሳደጉኝ፤ እሳቸውንም እስኪሞቱ እርስዎ ነው ያልኳቸው። ልጄም ብለውኝ አያውቁም፣ ስሜን ነው የሚጠሩት። አንቺ ስትይኝ... የልጅ ዋጋ አድርጋልኛለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እናቱን ደግሞ እርስዎ የሚል የለም። አንቺ ማለት ከብዶኝ መኪና ውስጥ ብቻዬን ተለማምጄ ነው የመጣሁት።» ብዕሩን አየ። «ከእናት ላይ ይቀነሳል እንዴ?»

አዋላጇ ያን ያህል ዘመን ያ ሁሉ ሕፃን እጇ ላይ ሲያለቅስ እንዲህ አልደነገጠችም። ወተት አመላላሹን ልጄ ትለዋለች። ቆጣሪ አንባቢውን ልጄ ትለዋለች። ይህ ሰው ግን በየሰዉ ፊት የበተነችውን ቃል አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ቤቱ አስገብቶታል። እሷ በሩን ለሌባ ብላ ዘጋች፤ የዘጋችው ግን እንግዳው ጣት ላይ ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚለውን ተረት ስትጠላው ነው የኖረችው፤ ይህን ያለው ምጥ የማያውቅ ወንድ ነው እያለች። አሁን ግን የተናገረችውም የወለደችውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ያዩዋታል። የወለደቻት በጠረጴዛው ስር እግሯን እየረገጠቻት ነው።

ብዕሩን አስቀመጠች።

«ዋጋው መቀነስ አለበት» አለች።

«እማዬ!» አለች ልጇ።

ቀስ በል ግንባሩን ቋጠረ። «ለምን? ቤቱ ምን ሆኗል? መሠረቱ ነው?»

«ቤቱ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ የሆንኩት።» እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «የፊርማው ቀን ትቀንሳለህ ብዬ አስቀድሜ ትራስ ጨምሬበት ነው። ስትቀንስ ትራሱን ልሰጥህ ነበር። አንተ አልቀነስክም። ልጄ ያልኩህም... እኔ ሰውን ሁሉ ነው ልጄ የምለው። ስም አልይዝም። የልጅ ዋጋ አልነበረም፤ የገዢ ዋጋ ነው፣ ከነትራሱ።»

ሚስትየው ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ጠጋ አለች።

«ትራሱ ስንት ነው?»

አዋላጇ ነገረቻት። ሚስትየው አፏን ያዘች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «አስቀንስ ያልኩህ እኮ ይህንኑ ያህል ነው! ቁርጥ ይህንኑ!» ከጠረጴዛው ማዶ ካለችው ልጅ ጋር ተያዩ። ሁለቱ ብልሆች ሳይተዋወቁ በአንድ ቁጥር ተገናኝተው ኖሯል። ልጅም ሳትወድ ሳቀች። ጸሐፊው ሳቀ። ያልሳቀው ቀስ በል ብቻ ነው።

ግራ ቀኝ አላየም በዚህ ጊዜ። ወረቀቱን ወደ ጸሐፊው ገፋና፣ «እርስዎ እንዳሉት ይሁን» አላት።

እርስዎ። ስትናደድበት የከረመችው አንቺ እንዲህ ይናፍቀኛል ብላ አታውቅም ነበር። ጸሐፊው ውሉን በአዲሱ ዋጋ ደግሞ እስኪጽፈው ድረስ ሰውዬው «ውሃ ይፈልጋሉ?»፣ «ወንበሩ ይመችዎታል?» እያለ በትሕትናው ቆዳዋን ገፈፈው። ሲፈርሙ ውሉ ላይ ስሙን አየችው። ቀስ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

በታክሲ ሲመለሱ ልጇ እስከ ቤት ድረስ አላነጋገረቻትም። ስትወርድ ብቻ፣ «ሁለተኛዋን ክፍል በአፍሽ በላሻት» አለች።

«ተበልቶ ይቀራል ያልሽው ሰው እሱ ነበር» አለች አዋላጇ። «ማን እንደሚበላው ግን አልነገርሽኝም።»

ልጇ በሩን እንደያዘች ቆየች። እንደ አባቷ ጆሮዋን አከከች።

እቃው በሚጫንበት ቀን ቀስ በል ቁልፉን ሊረከብ መጣ። «ቁልፉን ይስጡኝ፣ ይረፉ» አለና ሳጥኖቹን ከሠራተኞቹ ጋር ያወርድ ጀመር። እሷ ደረጃው ስር ቆማ አየችው። ብዙ ልትለው አሰበች፤ ያሰበችው ሁሉ ስም አልባ ሆነባት። ጭነት መኪናው ሲሞላ ሾፌሩ ጎን ለእሷ ቦታ ጠፋ። ሰውዬው ይህን አይቶ ምንም ሳይል መኪናውን አስጠጋ፤ አናቷ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ያላት፣ ሁሉ ጥግ ላይ የተጫረች ትንሽ መኪና። በወዲያኛው በኩል ያለውን በር ከፈተላት። እሱ ዘወትር የሚቀመጥበትን፣ የአስተማሪውን ወንበር።

ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ከፊቱ ካለው መኪና ራቅ ብሎ ይነዳ ጀመር።

«ስለ ትራሱ ሳስብበት ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ተማሪዎቼን ሁልጊዜ፣ ከፊታችሁ ካለው ራቁ፣ ርቀት ጠብቁ እላቸዋለሁ። ድንገት ቢያቆምስ? ሰውዬውን አናውቀውም። ይህም ትራስ ነው እኮ። ሌብነት ብዬ ግን አላውቅም።»

አዋላጇ ልትመልስ ስትል አንድ ሚኒባስ ከጎን ሰተት ብሎ ገባባቸው። ወንበሩን በሁለት እጇ ጨበጠች። እሱ ቀስ ብሎ አቆመ፣ ሚኒባሱን አሳለፈና ወደ እሷ ዞሮ አያት።

«ቀበቶሽን እሰሪ እንጂ» አላት። «ደግሞ ያው ፍሬን እግርሽ ስር አለልሽ፤ ከፈራሽ ርገጪው።»

ዝቅ ብላ አየች። እውነትም ከእግሯ ስር ፔዳል አለ፤ ጎማው በእሱ ጫማ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። እግሯን አጠገቡ አሳረፈች እንጂ አልነካችውም። ቀበቶዋን አሰረች። ስሙን ከውሉ ላይ ካነበበችው ጀምሮ ይዛዋለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«ቀስ በል፣ ልጄ» አለችው።